ውሃው ሲመጣ ስንት ነበረሽ

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለች እኔ ዘጠነኛ ነበርኩ። ይህን ስናገር ሰዎች ሳቅ ያመልጣቸዋል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአየር ጤና ትንሽ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የመዘምራን ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሲቀናኝም የሚዜ ቀሚስ እሰፋለሁ። ስምንተኛን ጨርሼ ትምህርት ካቋረጥኩ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ የታክሲ ፌርማታው ምሰሶ ላይ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት መጀመሩን የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ክር ልገዛ የወጣሁ ሴትዮ ተመዝግቤ ተመለስኩ። ክሩን ረስቼው ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ከሒሳብ በቀር ሁሉንም አለፍኩ። ሒሳብ አርባ ስድስት አመጣሁ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ትደግሚያለሽ ተባልኩ። በዚያው ክረምት ልጄ የስምንተኛን ፈተና እንደ ውሃ ጠጥታው አለፈችና መስከረም ላይ እናትና ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ተገናኘን። እሷ በአዘቦት ቀን ትማራለች፣ እኔ ቅዳሜና እሁድ፤ ትምህርት ቤቱ ግን አንድ ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ለሁለት ተማሪ አንድ ይታደል ስለነበር ጥንድ ሆነን አንዱን ወሰድን። እሷ ስሟን በፊት ገጽ ጻፈች፣ እኔ በኋላ ገጽ ጻፍኩ።

ችግሩ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ የነገረችኝ ነገር ነበር። አንድ ተማሪ አንድን ክፍል ከሁለት ጊዜ በላይ መማር አይችልም፤ ዘንድሮ ሒሳብ ከወደቅሽ ለሦስተኛ ጊዜ አንመዘግብሽም አለችኝ፤ ድምጿ ለስላሳ ነበር፣ ዓይኗ ግን መዝገቡ ላይ። እውነቱን ልናገር፣ ያስፈራኝ ወድቆ መቅረቱ ብቻ አልነበረም። ልጄ መጽሐፋችንን መልሳ አሥረኛ ስትገባ፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ይታየኝ ነበር። ያ ሲታየኝ ሆዴ ይባባል። ከዚያ ደግሞ ወዲያው እናደዳለሁ፤ መድረሷ አልበቃ ብሏት ልታልፈኝ ነው እንዴ እላለሁ።

እሷም ብትሆን እንደ መምህር ርኅራኄ የላትም። የቤት ሥራ ትሰጠኛለች፣ በቀይ ታርማለች፣ ሰዓት ይዛ ትፈትነኛለች። ቁልፍ እየተከልኩ የካሬ ሥር ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ደንበኛዬ ፊት "ማሚ፣ የትናንቱን ሳትጨርሺ ነው እንዴ የምታወሪው?" አለችኝ፤ ደንበኛዋ ልትለካ አንስታው የነበረውን እጇን እንኳ ማውረድ ረሳች።

ዓመቱን ሙሉ ያጋደለን ሁለት ፋንክሽን አወዳድሩ የሚለው ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት የጣለኝም እሱ ነበር። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ፋንክሽን ይሰጥሻል፤ አንዱ በቀመር የተጻፈ፣ ሌላው በሰንጠረዥ፣ በአንድ በኩል የኤክስ ቁጥሮች፣ በሌላ በኩል የዋይ ቁጥሮች ተደርድረው። ጥያቄው የየትኛው ዋይ-ኢንተርሴፕት ይበልጣል ነው። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ ስንት ናት ማለት ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ከየት ተነስተው ነው ጉዟቸውን የጀመሩት። በቀመሩ አልቸገርም፤ ብቻዋን የተቀመጠችውን ቁጥር አንሥቶ መጻፍ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ግን የመጀመሪያውን መስመር አይና መነሻው እሱ ነው እላለሁ። ልጄ ደግሞ መጀመሪያ የተጻፈው ሁሉ መነሻ አይደለም ትላለች። ታዲያ መጀመሪያ ላይ ያለ ነገር መነሻ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው እላታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ተስፋ ቆርጣ መጽሐፉን ዘጋችና በመስኮት ግቢያችን ውስጥ ወዳለው የውሃ ማጠራቀሚያ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ሮቷችንን አስቢ" አለችኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ለእኛ ሰፈር ረቡዕ ጠዋት። ቧንቧው ሲከፈት ሮቶው ውስጥ ካለፈው ሳምንት የተረፈ ውሃ አለ፤ ያ ዋይ-ኢንተርሴፕት ነው። ቧንቧው በሰዓት የሚጨምረው ደግሞ ተዳፋቱ ነው አለችኝ። ብድግ አልኩ። ሃያ አራት ዓመት ተዘግቶ የኖረ በር የተከፈተልኝ መሰለኝ። የተረፈ ውሃ! በእኛ ግቢ ከተረፈ ውሃ በላይ ምን ክብር አለ?

ይህን ለመረዳት ጎረቤቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አጥር የምንጋራቸው ሴት ስልሳን ተሻግረዋል፤ እትዬ ነው የምላቸው። ከከፋ መጥተው ቀራንዮ የሰፈሩት እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው፤ ኮረሪማና ማር ከአገራቸው እያስመጡ ይሸጣሉ። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት የሴቶች ጸሎት እሳቸው ቤት ይሆናል። ሮቷችንም አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ ቀን ከአንድ መኪና ላይ ነው ያወረድነው። የእኔ ቧንቧ ጉልበተኛ ነው፤ የእሳቸው ቀጭንና ያረጀ፣ ውሃውን እያማጠ ነው የሚያወጣው። እንዲያም ሆኖ ሰኞ ሲደርስ ባልዲ ይዤ በራቸውን የማንኳኳው እኔ ነኝ። ከልክለውኝ አያውቁም። ግን ከባልዲው ጋር ስለ ብልህ ሴት አንድ አጭር ስብከት ይጨምሩልኛል፤ ስብከቱ ከባልዲው ይከብዳል።

ሒሳቡ ሲገባኝ ጊዜ፣ እትዬን በሒሳብ ልረታቸው ቆረጥኩ። ያ ሳምንት የመንፈቀ ዓመት እረፍት ነበር። በጣሳ ታጠብኩ። ሰሃን በአንድ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ልብሴን በሁለት ማዳበሪያ አድርጌ ጦር ኃይሎች እህቴ ጋ በታክሲ ወስጄ አጠብኩ፤ ረዳቱ ቤት እየቀየርሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ሰኞ ዕለት ባዶ እጄን፣ ያለ ባልዲ፣ እትዬ በር ላይ ቆምኩና በዚህ ረቡዕ ውሃው ሲመጣ ከእርስዎ የበለጠ ውሃ ይኖረኛል፣ እንወራረድ አልኳቸው።

ውርርድ ኃጢአት ነው አሉኝ። ቅጣትስ ብላቸው ትንሽ አሰቡና ቅጣት መጽሐፍ ላይ አለ አሉ። ስለዚህ ተስማማን፤ የተሸነፈ የአሸናፊውን ሮቶ ውስጡ ገብቶ ያጥባል። ዳኛዋ ልጄ ሆነች። ልኬቱ በየሰዓቱ እንዲሆንና ሁሉም ነገር በሰንጠረዥ እንዲጻፍ አዘዘች። እኔ የልብስ ሜትሬን በረጅም እንጨት ላይ አሰርኩ፤ እትዬ የራሳቸው ቀርከሃ አለኝ አሉ። እግረ መንገዳቸውንም ልጄን ዜሮ ማለት ባዶ ማለት ነው ወይስ መጀመሪያ ማለት ነው ብለው ጠየቋት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእሳቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አራተኛ ክፍል ድረስ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ገበያ ወሰደኝ አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ድሉ አሳብዶኝ ስለነበር ነገሩን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል።

ረቡዕ እንደ ወትሮዬ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ቧንቧው ይንፏፏል። ከነፒጃማዬ ሮጥኩና እንጨቴን ሰደድኩ፤ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር! እትዬም በአጥሩ ማዶ የእሳቸውን ለኩ፤ አርባ። አርባ! ጮህኩ። የቀራንዮ ውሻ ሁሉ መለሰልኝ። ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ሰባ፣ እሳቸው ሃምሳ። ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ዘጠና አምስት፣ እሳቸው ስልሳ። ሰንጠረዡን በሚያምር ጽሕፈት ጻፍኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ፤ ከመጀመሪያዋ መስመር ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። መነሻዬ አርባ አምስት፣ መነሻቸው አርባ። ለዳቦ ሻጯ ነገርኩ። ለአትክልት ቤቱ ሰውዬ ነገርኩ። ቀሚሷን ልትወስድ ለመጣች ሙሽራ በዝርዝር አስረዳኋት፤ ሙሽራዋ በትዕግሥት ሰማችኝ፣ ቀሚሷ በእጄ ነበር።

ስመለስ እትዬ አጥሩን ተደግፈው እየጠበቁኝ ነው። ቀርከሃው በእጃቸው ነው።

"ውሃው ሲመጣ ስንት ነበረሽ?" አሉኝ።

"አርባ አምስት ነዋ፣ እትዬ። አብረን አይደል የለካነው?"

"እሱ አንድ ሰዓት ላይ ያለሽ ነው። ውሃው የመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንቺ ተኝተሽ ነበር።"

እሳቸው ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለጸሎት ተነሥተዋል። አሥራ ሁለት ሲሆን ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ሰምተው፣ አንድ ጠብታ ሳይገባ በፊት ቀርከሃውን ሰደው በቢላ ምልክት አድርገውበታል። ምልክቱን በእኔው ሜትር ለካነው። ሠላሳ ነበር። በዚያች ሰዓት የእኔን የለካ የለም። ስለዚህ አይታወቅማ፣ ማን ያውቃል ብዬ ተከራከርኩ። ቀን የሚጀምረው በአንድ ሰዓት አይደለም ወይ? ተማሪው የሚወጣው፣ ሱቁ የሚከፈተው፣ ታክሲው የሚሰለፈው በአንድ ሰዓት ነው አልኩ። ድምፄ ግን ከመጀመሪያው አነስ ብሎ ነበር።

ልጄ ከሱቄ ያመጣሁትን የልብስ ቅድ መንደፊያ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋችና በጨርቅ ማስመሪያ ኖራዬ ሁለት መስመር አሰመረች። የእኔ በየሰዓቱ ሃያ አምስት ይጨምራል፤ የእትዬ አሥር። "አሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሂጂ" አለችኝ። ከአርባ አምስት ሃያ አምስት ቀነስኩ። ሃያ። ከአርባ አሥር ቀነስኩ። ሠላሳ፤ ልክ ቀርከሃው እንዳለው። ውሃው ሲመጣ እሳቸው ሠላሳ ነበራቸው፣ እኔ ሃያ። ሁለቱ መስመሮች ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ይቆራረጣሉ። አርባ ደቂቃ ሙሉ መርተውኛል፤ እኔ እያንኮራፋሁ ነበር።

ወረቀቱን አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካስ ባለፈው ዓመት የጣለኝ ሰዓቴ ነው! ልጅ ሆኜ ሰዓት መቁጠር ስማር መጀመሪያ ያለው አንድ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። ዜሮ ሰዓት የሚባል የለንም፤ በዜሮ ቦታ አሥራ ሁለት ነው ያለው፣ እሱንም ከጠዋት ሳይሆን ከሌሊቱ ወገን አድርጌ ነው የምቆጥረው። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሁሉ ከአንድ ሲጀምርልኝ ጠዋት የሆነ ይመስለኛል። ከአንድ በፊት አንድ ሙሉ ሰዓት እንዳለ፣ በዚያ ሰዓትም ውሃ ሲወርድ እንደቆየ ረስቼ ነበር። ሳቄ መጣ። እየሳቅኩ ተንከባለልኩ። እትዬ የተሸነፈ ሰው እንዲህ ሲስቅ አይተው ስለማያውቁ ደንግጠው ውሃ ልስጥሽ ወይ አሉኝ።

ቅጣቱ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት ተቀጠረ። እትዬ ግን አንድ ነገር አስጨነቃቸው፤ ሮቷቸው ከተገዛ ጀምሮ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሊታጠብ ከሆነ ደግሞ መድረቅ አለበት። ውሃውን የት እናድርገው ስንል ልጄ መፍትሔ አገኘች፤ በባልዲ እየቀዳን የእኔ ሮቶ ውስጥ ገለበጥነው። ስለዚህ በማግስቱ ረቡዕ በታሪኬ ለመጀመሪያ ጊዜ መነሻዬ ከእሳቸው በለጠ፤ በእሳቸው ውሃ።

ሮቶ ውስጥ መግባት ከባድ አይደለም። እግርሽን አስቀድመሽ፣ እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ። ወገቤ ላይ ትንሽ ያዘኝ፣ ከዚያ ቧ ብዬ ወረድኩ። ውስጡ ሞቃትና ጨለማ ነው፤ ከላይ በክቡ ቀዳዳ ሰማይ ይታያል። ብሩሼን ይዤ ግድግዳውን ፈተግኩ። ሥሩ ላይ፣ ቀርከሃው ሠላሳ ባለበት ከፍታ አካባቢ፣ ውሃው ለዓመታት ከዚያ በታች ወርዶ ስለማያውቅ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። በጣቴ ዳሰስኩት። እትዬ በየሳምንቱ ሳይጠጡ ያቆዩት ውሃ ነው። እኔ ሰኞ ሰኞ በባልዲ የወሰድኩት ከዚያ ላይ ነበር። ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ብቻዬን ስለነበርኩ አላፈርኩም።

መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጄ ያቀበለችኝን ጀሪካን ገልብጬ ቆምኩበት፣ እጄን አወጣሁ፣ ትከሻዬን አወጣሁ፣ ወገቤ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወደ ላይም የለም፣ ወደ ታችም የለም። በዚያች ቅጽበት የግቢው በር ተከፈተና የማክሰኞ ጸሎት ሴቶች ገቡ። ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም እኔ የሰፋሁትን ባለ አንድ ቀለም ቀሚስ ለብሰዋል። ከሮቶ ላይ ግማሽ ሴት በቅላ አዩ። አንዷ ኢየሱስ ስትል ሰማኋት። ለሰላምታ እጄን ሳነሣ ተንሸራተትኩና ተመልሼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሳሙና እስኪመጣ ድረስ ልጄ ጊዜ ማባከን አልወደደችም። ፊቷን በቀዳዳው አስገባችና ጥያቄ ጠየቀችኝ። በሰንጠረዥ፣ ኤክስ አንድ ሲሆን ሰባት፣ ሁለት ሲሆን ዘጠኝ፣ ሦስት ሲሆን አሥራ አንድ። ሌላዋ በቀመር፣ ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር ስድስት። የየትኛዋ መነሻ ይበልጣል? ጨለማው ውስጥ ቆሜ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሄድኩ። በየሰዓቱ ሁለት ነው የሚጨምረው፤ ከሰባት ሁለት ሲነሣ አምስት። ሰንጠረዡ አምስት ነው፣ ቀመሩ ስድስት፣ ቀመሩ ይበልጣል ብዬ ጮህኩ። ሮቶው ድምፄን እንደ ከበሮ አጉልቶ ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ድምፁ ከላይ የመጣ ስለመሰላቸው ሁሉም በአንድ ላይ አሜን አሉ።

ከዚያ ጎተቱኝ። ሁለቱ ቀኝ እጄን፣ ሁለቱ ግራ እጄን፣ አንዷ ሳሙና እየቀባች፣ አንዷ እየጸለየች። እትዬ ከታች ሆነው ያዛሉ። ስወጣ እንደ ቡሽ ነው የወጣሁት፤ ሁላችንም ሣሩ ላይ ተደራርበን ወደቅን፣ እስከ አመሻሹም ጸሎት የሚባል ነገር አልተጀመረም። አንዷ ልትጀምር ዓይኗን ትጨፍንና ሳቅ ያፈናታል። እትዬ ብቻ ናቸው ሳቃቸውን ቶሎ የገቱት። አጠገቤ ተቀምጠው ትምህርት ቤቱ ዕድሜ ይጠይቃል ወይ አሉኝ። የሚቀልዱብኝ መስሎኝ የአርባ አንድ ዓመት ሴት የተቀበለ ትምህርት ቤት ማንን ይመልሳል አልኳቸው። ታዲያ አንቺ እለፊና እንይ አሉኝ።

የሰኔ ፈተና ቀን ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ልቤም እንዲሁ። ልጄ ባለፈው ሐሙስ ተፈትናለች፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልነገረችኝም፤ የአዘቦቱና የቅዳሜው ፈተና ይለያያል፣ ደግሞም አታላይ አይደለሁም አለችኝ። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አለች፤ ሁለት ፋንክሽን፣ የየትኛው ዋይ-ኢንተርሴፕት ይበልጣል፣ አራት ነጥብ። ቀመሩ ዋይ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር አምስት። ወደ ሰንጠረዡ አለፍኩ። ከአንድ እንኳ አይጀምርም። ሁለት ላይ አሥር፣ አራት ላይ አሥራ ስድስት፣ ስድስት ላይ ሃያ ሁለት።

እጄ በራሱ ጊዜ አሥርን ሊጽፍ ሄደ። እርሳሱ ወረቀቱን ነክቶ ነበር። ከዚያ የእትዬ ድምፅ መጣብኝ፤ ውሃው ሲመጣ ስንት ነበረሽ? አንዲት ሰነፍ ሴትዮ ሁለት ሰዓት ድረስ ተኝታ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ስትለካ ታየችኝ። በሁለት ሰዓት ስድስት ትጨምራለች። ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኳት፤ ከአሥር ስድስት ሲነሣ አራት። ውሃው ሲመጣ አራት ነበራት! ቀመሩ አምስት አለው። ቀመሩ ይበልጣል። ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ። ፈታኙ ወጣት አጠገቤ ድረስ መጥቶ ምን ሆኑ አለኝ፤ ውሃ ትዝ ብሎኝ ነው አልኩት። ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመለከተኝ።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ልጄን አስቀድሜ ላክኋት፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ዣንጥላ ይዤ ቆምኩ። እትዬም ሱቃቸውን ዘግተው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ አብረውኝ መጥተው ቆመዋል። ልጄ ስትመለስ እየሮጠች ነበር፤ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ አንድ እግሯ በካልሲ ብቻ ነው።

"ሃምሳ ሁለት!" አለች። "ማሚ፣ ሃምሳ ሁለት!"

ሃምሳ ሁለት። ያቺ አራት ነጥብ ባትኖር አርባ ስምንት ነበርኩ፤ ውጭ ነበርኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ የማይመዘግቡኝ ሴትዮ ነበርኩ። ዣንጥላውን ወረወርኩት። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ልጄን አነሣኋት፣ ልጄ እኔን ልታነሣ ሞከረች፣ ሁለታችንም ጭቃው ውስጥ ወደቅን። የእሷ ስንት ነው ብዬ መጠየቅ ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ዘጠና አንድ አለችኝ፣ በመስኮት እያየች፣ እንደ ቀላል ነገር። አሥረኛን አብረን ነን አልኳት። አብረን ነን፣ ግን መጽሐፉ ላይ በኋላ ገጽ ነው የምትጽፊው አለችኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለምዝገባ ስንወጣ እትዬ በራቸው ላይ ለብሰው ቆመዋል። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸው ነው፣ እኔ የሰፋሁላቸው። በእጃቸው አዲስ ደብተር አለ፣ ላስቲኩ ገና አልተፈታም። ወዴት ነው እትዬ አልኳቸው፤ የተከፈተ ሱቅ የለም፣ የጸሎት ቀንም አይደለም። መልስ ሳይሰጡኝ ከእኛ ጋር ወደ ፌርማታው ተራመዱ። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ሰልፉ ውስጥ ከኋላዬ ቆሙ። ያኔ ገባኝ።

ተራቸው ሲደርስ መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ያቺው መዝጋቢ ናት። በአክብሮት፣ ለእርስዎ ዕድሜ ከማንበብና መጻፍ የሚጀምር ክፍል እንዳለ ነገረቻቸው፤ ከመጀመሪያው ላስገባዎት ወይ አለቻቸው።

እትዬ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ከዜሮ አይደለም የምጀምረው፣ ልጄ" አሏት። "አራት አለኝ። አምስተኛ ጻፊልኝ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ሒሳቡን የምታስጠኛቸው እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ፤ ጠይቀውኝ አይደለም፣ ነገሩኝ። ረቡዕ ረቡዕ እንዲሆን ወስነዋል።

"ውሃው ሲመጣ" አሉኝ። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ ነቅተሽ እንዳትመጪ።"

በዚያ ረቡዕ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በራቸው ላይ ነበርኩ፤ ደብተሩን ገልጠው እየጠበቁኝ ነበር።